ካርዱን ልቀይር ወይስ ፕሮሰሰሩን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ለጌም ማዝገም ጀምሯል፣ በእጅ ያለው ገንዘብ ደግሞ ከአንድ ዕቃ አይዘልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ጥፋት የሌለበትን ዕቃ ቀይሮ ያው ፍሬም (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) ላይ መገኘት ነው። ስለዚህ የትኛውን ሞዴል ይግዙ ከማለታችን በፊት እንዴት እንደሚለካ ረዘም አድርገን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም (8 ሲደመር 8) እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ አለኝ። ሞኒተሬ ባለ 1080 ነው። አዳዲሶቹ ጌሞች ከ30 ፍሬም አያልፉልኝም። አንዱ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» ይለኛል፣ ሌላው «ካርዱ ነው» ይላል። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው።

መልስ፦ ካርዱ ይቅደም። 1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለውና 75 ዋት ብቻ የሚጠቀም ካርድ ነው። ባለ 6 ኮሩ 2600 ግን ብዙ ጌሞችን 60 ፍሬም አካባቢ ለማድረስ ገና አቅም አለው። ቢሆንም እኛ ስላልን ብቻ አይግዙ፤ አሥር ደቂቃ በማይፈጅ ሙከራ ራስዎ ያረጋግጡ።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም አብሮት ከሚመጣው ሪቫ ቲዩነር ጋር ይጫኑ። የጂፒዩው (የካርዱ ዋና ቺፕ) የሥራ መጠን በመቶኛ፣ የካርዱ ሚሞሪ፣ የፕሮሰሰሩ እያንዳንዱ ትሬድ (ሥራ የሚሄድበት መስመር) እና የፍሬሙ ቁጥር ጌሙ ላይ እንዲታዩ ያድርጉ። ጌሙ ውስጥ ቪ-ሲንክን (ፍሬሙን በሞኒተሩ ፍጥነት የሚገድበውን) እና የፍሬም ገደብን ማጥፋትዎን አይርሱ፤ ገደቡ ካልጠፋ የሚያነቡት ቁጥር ምንም አይነግርዎትም። ከዚያ ሁልጊዜ የሚንገጫገጭብዎት ቦታ ሄደው ይቁሙ። ጂፒዩው ከ95 እስከ 99 በመቶ ላይ ከሆነ ካርዱ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል ማለት ነው። 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ሆኖ ፍሬሙ ዝቅ ካለ ግን ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ነው፤ የሚያስጠብቀው ፕሮሰሰሩ፣ አንዳንዴም ራሙ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፕሮሰሰሩን ጠቅላላ ቁጥር ሲያይ ነው። «ፕሮሰሰሬ 35 በመቶ ላይ ነው፣ እሱ ሊሆን አይችልም» ይባላል። ሊሆን ይችላል። 2600 ባለ 12 ትሬድ ነው። አንዱ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ ጠቅላላው ላይ የሚታየው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጌም ደግሞ ከባዱን ሥራ የሚጭነው በአንድ ወይም በሁለት ትሬድ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ሥራ ቢፈቱም አንዱ እስኪጨርስ መጠበቅ ግድ ነው። ለዚህ ነው የጂፒዩውን ቁጥር መጀመሪያ እንዲያዩ የምንመክረው።

ለማረጋገጫ ሪዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርደው እዚያው ቦታ ላይ ድጋሚ ይለኩ። ፍሬሙ ዘሎ ከወጣ ጭነቱ ካርዱ ላይ ነበር። ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ምስሉ ቢያንስም ቢበዛም የፕሮሰሰሩ ሥራ ያው ነውና።

እንደጠበቅነው ካርዱ ሆኖ ከተገኘ ለእርስዎ ማሽን አርኤክስ 6600 ጥሩ ልክ ነው። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፣ 132 ዋት ይጠቀማል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ይበቃዋል፣ ደህና የሆነ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይሸከመዋል። ማዘርቦርዱ ላይ ሁለት ረጃጅም ማስገቢያዎች ካሉ ለፕሮሰሰሩ የሚቀርበው ላይ ይሰኩት፤ ታችኛው ብዙ ጊዜ መልኩ ረጅም ይሁን እንጂ የውስጥ መስመሩ ጥቂት ነው።

ስሙ የሚቀራረበውን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ግን በዋጋው ማነስ ተስበው እንዳይገዙት። ይህ ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ነው፣ የተለመደው ዓይነቱ ሚሞሪም 4 ጊጋባይት ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርድና ማዘርቦርድ የሚገናኙበት መንገድ) 4.0 ማዘርቦርድ ላይ 4 መስመር በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፤ የእርስዎ ቢ450 ግን 3.0 ስለሆነ ግማሹን ብቻ፣ 4 ጊጋባይት ያህል ነው የሚያሳልፈው። ጌሙ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ ሲጠይቅ የተረፈው ዳታ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይፈስሳል፣ በዚያች ጠባብ መንገድ እየተመላለሰም ፍሬሙን ያንገጫግጨዋል። ለአዲስ ማዘርቦርድ ባለቤት የሚቻል ካርድ ሊሆን ይችላል፤ ለአሮጌ ማሽን ማደሻ ግን መጥፎ ምርጫ ነው። አርኤክስ 6600ም ቢሆን 8 መስመር ነው ያለው፣ ነገር ግን 8 ጊጋባይቱ ካልሞላ በ3.0 ላይ የሚያጣው ትንሽ ነው።

ሳጥኑ ላይ ስለተጻፈው «ኦሲ»ም (ፍጥነቱ ከፋብሪካ ከፍ የተደረገ ማለት ነው) ሆነ ስለሚያበራው መብራት ተጨማሪ አይክፈሉ። በተረፈው ገንዘብ ቆይተው ፕሮሰሰሩን ይቀይሩበታል፤ ለዚያ የሚሆነውን መልስ መጨረሻው ደብዳቤ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ባለ 8 ጊጋባይት አንድ ራም ነበረኝ፣ ሌላ 8 ጨመርኩበት። አሮጌው 2400፣ አዲሱ 3200 ነው። አሁን ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሲነሳም ፍጥነቱ 2400 ነው የሚለው። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ አልተታለሉም። ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ራሞች አብረው ሲገቡ ሁለቱም በቀርፋፋው ፍጥነት ነው የሚሄዱት። የ3200ውን ልዩነት ከፍለው የ2400 አገልግሎት እያገኙ ነው።

አንዳንዴ አለመነሳቱ ግን መፈታት አለበት። መብራቱን ከግድግዳው ነቅለው ኬዙን ይክፈቱ። አራት የራም ማስገቢያ ካለ ሁለቱ ራሞች መቀመጥ ያለባቸው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው። ጎን ለጎን 1ኛና 2ኛ ላይ የተቀመጡ ከሆነ ባብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱም በአንድ ቻናል (የዳታ መንገድ) ስለሚሠሩ የጨመሩት ራም በፍጥነት በኩል ምንም አልጠቀመዎትም። ሲሰኩ የራሙ ጠርዝ ላይ ያለው ክፍተት ከማስገቢያው ጉብታ ጋር መግጠሙን አይተው ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ይጫኑ። አንዳንድ ማዘርቦርድ መቆለፊያው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ያ ወገን «ቀጭ» ሲል ሌላኛው ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወጥቶ ሊቀር ይችላል። በዓይን ሲታይ የገባ ይመስላል። ጥቁር ስክሪን ከሚያመጡት ምክንያቶች ይህ አንዱ ነው።

በደንብ ተሰክቶም ካስቸገረ ራሞቹን አንድ በአንድ 2ኛው ማስገቢያ ላይ ለብቻ ይሞክሩ። ለየብቻ ያለችግር ተነስተው አብረው ሲሆኑ እምቢ ካሉ ያልተስማሙት እርስ በርስ ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር) ያጥፉ፣ ፍጥነቱን 2400፣ ቮልቴጁን 1.2 ያድርጉ። ከዚያ ሜምቴስት86ን ከፍላሽ አስነስተው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ያስፈትሹ። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ «አንድ ብቻ ነው» ብለው አይለፉት፤ ዛሬ ጌም የሚዘጋ ስህተት ነገ ፋይል ያበላሻል።

የሚሻለው ግን ሁለቱንም ሸጦ በአንድ ሳጥን የታሸገ ጥንድ፣ 8 ሲደመር 8፣ ባለ 3200 መግዛት ነው። ጥንዱ ከፋብሪካ አብሮ የተፈተሸ ስለሆነ ኤክስኤምፒ ሲበራ ያለ ግርግር ይነሳል። ማብራቱን አይርሱ፤ 3200 የሚል ራም ባዮስ ውስጥ ካልታዘዘ ብዙ ጊዜ በ2133፣ 2400 ወይም 2666 ነው የሚሠራው። ታስክ ማናጀር ላይ የራሙን ገጽ ከፍተው ፍጥነቱን ያንብቡ። ለዓመታት 3200 ራም ይዘው በ2133 የሚጫወቱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በተለይ የቀደምት ራይዘን ፕሮሰሰሮች የውስጥ መገናኛቸው ከራሙ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልዩነቱ ፍሬሙ ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ ለልጄ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁለት። ኮር አይ5-6500 ነው፣ 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ ኬዙ ቀጭን ነው። ልጁ «ግራፊክስ ካርድ ብቻ ይግባበት» ይለኛል። ነገሩ አይገባኝም፤ ምን ልግዛለት?

መልስ፦ ካርዱን ከመግዛትዎ በፊት ሽፋኑን ያስከፍቱና ሦስት ነገር ይዩ።

መጀመሪያ ቁመቱን። ኋላ በኩል የካርድ ማስገቢያው ብረት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ የሚገባው አጭር ካርድ ብቻ ነው፤ መደበኛው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭሩ በገበያ «ሎው ፕሮፋይል» ይባላል። ሳጥኑ ውስጥ አጭሩ ብረት መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ካርዱ አጭር ሆኖ ረጅሙ ብረት ብቻ ከመጣ ኬዙ አይዘጋም። ሁለተኛ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ዋት ያንብቡ። የቢሮ ቀጭን ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 240 ዋት ናቸው፣ ለካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ኬብልም አይኖራቸውም። ሦስተኛ የፓወር ሰፕላዩን ቅርጽና ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን ሶኬት ይመልከቱ። መደበኛው ባለ 24 ፒን ካልሆነ «ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል» የሚለውን ሐሳብ ይተዉት፤ ቅርጹም ሶኬቱም የአምራቹ የራሱ ነው።

ስለዚህ ካርዱ ኃይሉን ሁሉ ከማስገቢያው ብቻ የሚያገኝ መሆን አለበት፤ ያ ማስገቢያ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። በዚህ ልክ ከሚገኙት አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ይሻላል፤ 70 ዋት ነው፣ አጭር ሆኖ የተሠራም አለ። ሲገዙ ቁጥሩን ደግመው ይዩ። 3050 ባለ 8 ጊጋባይት የሚባለው ሌላ ካርድ ነው፣ 130 ዋት ይጠቀማል፣ የእርስዎ ማሽን አይሸከመውም። ከሱ ቀጥሎ ጂቲኤክስ 1650 አለ፤ ይህም ተጨማሪ ኬብል የሚጠይቅ ዓይነት ስላለው የኃይል ሶኬት የሌለው መሆኑን ያረጋግጡ። አርኤክስ 6400 53 ዋት ብቻ ነው፣ ነገር ግን ከላይ እንደጻፍነው 6500 ኤክስቲ ባለ 4 መስመር በመሆኑ በዚህ ማሽን ላይ ይጎዳል።

አንድ ሻጭ «ኬብል ከሌለው ከሳታ የሚቀይር አስማሚ አለ» ካለዎት ይተዉት። የሳታ (ለዲስክ የተሠራው) የኃይል ሶኬት በ12 ቮልት የሚያሳልፈው ቢበዛ 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን የሚፈልግ ካርድ ግን እስከ 75 ሊስብ ይችላል፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ እስከ 150። ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው በካርዱ ብቻ ላይቆም ይችላል።

ከካርዱ በፊት ግን ወጪያቸው የሚቀልሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ራሙን ወደ 16 ጊጋባይት ያሳድጉ፣ ዊንዶውስ የተጫነው ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነም ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ይዛወር። አይ5-6500 አራት ኮርና አራት ትሬድ ብቻ ስላለው በአዳዲስ ከባድ ጌሞች ከማንኛውም ካርድ ጋር ይንገጫገጫል፤ ቀለል ላሉና ቆየት ላሉት ይበቃል። ይህን ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሩት። ሌላም አለ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ይህ ፕሮሰሰርም ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። አንዳንድ የኦንላይን ውድድር ጌሞች በዚህ ምክንያት ሊከለክሉት ስለሚችሉ የሚወደው ጌም ምን እንደሚጠይቅ ከገንዘቡ በፊት ይታይ።

ጥያቄ፦ ማዘርቦርዴ ኤች110፣ ሶኬቱ 1151 ነው። አይ7-8700ም ሶኬቱ 1151 ነው። ለምን አይሠራም ይሉኛል?

መልስ፦ ቁጥሩ አንድ ነው፣ የፒኖቹ አመዳደብ ግን ተለውጧል። ኢንቴል 8ኛና 9ኛ ትውልድን ለ300 ተከታታይ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ነው ያወጣቸው፤ የእርስዎ የሚቀበለው 6ኛና 7ኛን ብቻ ነው። ከፍተኛው ማረፊያዎ አይ7-7700 ወይም 7700ኬ ነው፣ እሱም ባዮስ ከታደሰ። ነገር ግን 7700 ያገለገለውም ቢሆን ከአቅሙ በላይ ይጠየቅበታል፤ እንደርስዎ ያለ አሮጌ ማዘርቦርድ የያዘ ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነውና። ለእሱ የሚከፍሉት ያገለገለ ቢ450 ማዘርቦርድና ራይዘን 5 3600 ለመግዛት ከተቃረበ ሁለተኛውን ይምረጡ። ራምዎ ዲዲአር4 ከሆነ ይዘውት ይሻገራሉ፤ ኤች110 በዲዲአር3ም የተሠራ አለና አይተው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው። በማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ በማምረት ሥራ) የደከመ ወይም የውሸት እንዳይሆን ምን ላጣራ?

መልስ፦ ካርዱ ሲሠራ ሳያዩ አይክፈሉ። ይህ ከተሟላ የቀረው ቀላል ነው።

ከማብራትዎ በፊት በዓይን ይጀምሩ። ሰማያዊው ባለ 15 ቀዳዳ ቪጂኤ ሶኬት ያለው «1050 ቲአይ» ወይም «1060» ካዩ ይመልሱት፤ ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ የኤንቪዲያ ቺፕ የአናሎግ ምስል አያወጣም። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ዘመን ቺፕ ስሙ በካርዱ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ በተጻፈው ፕሮግራም) ተለውጦ ነው። ፋኖቹን በጣት ያዙሩ፤ ወዲያና ወዲህ ከተወላገዱ ወይም ከኮረኮሩ ቡሺንጋቸው አልቋል። ከሙቀት ማውጫው ጎን ዘይት የሚመስል ወዝ ካዩ ከቴርማል ፓዱ የወጣ ነው፤ ብቻውን አያስፈራም፣ ግን ብዙ እንደሠራ ይናገራል። ብሎኖቹ ጥርሳቸው ከተበላ አንድ ሰው ከፍቶታል።

ሲበራ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ፕሮግራም ይክፈቱ። ስሙ አጠገብ የውሸት መሆኑን የሚያመለክት ማስጠንቀቂያ ካወጣ ነገሩ አበቃ። ከዚያ የሼደሮቹን (የቺፑን ትንንሽ ማስሊያ ክፍሎች) ቁጥር ያንብቡ። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይቱ 1280፣ ባለ 3 ጊጋባይቱ 1152 ነው፤ ልዩነቱ ሚሞሪ ብቻ መስሎት የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። አርኤክስ 580 ትክክለኛው 2304 አለው፤ 2048 ካነበቡ በ580 ስም የተሸጠ የ570 አቅም ነው። አርቲኤክስ 3060ም ባለ 12 ጊጋባይቱ የሚሞሪ መንገዱ 192 ቢት፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ 128 ቢት ነው፤ ሁለተኛው በፍጥነትም ያንሳል።

ቀጥሎ ፈርማርክን (ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ መፈተሻ ፕሮግራም) 15 ደቂቃ ያስሩጡት። ሙቀቱ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ አይደንግጡ። የሚያሳስበው የቺፑ ሙቀትና «ሆት ስፖት» (እጅግ የጋለው ነጥብ) የሚለው ቁጥር ከ25 ዲግሪ በላይ ሲራራቁ ነው፤ ፔስቱ ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው። ይህ በአንድ ቱቦ ፔስት የሚስተካከል ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀሙበት። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም ዓራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ከታየ ግን የሚሞሪ ችግር ነውና በነጻም ቢሆን አይውሰዱ። በመጨረሻ ኬብሉን እያዘዋወሩ ሶኬቶቹን ሁሉ ይፈትሹ።

ማይኒንግን በተመለከተ ቺፑ ራሱ ከሚታሰበው በላይ ይጸናል፤ ቀድመው የሚያልቁት ፋኖቹና ፓዶቹ ናቸው። በአርኤክስ 470 እና 580 ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ለማይኒንግ ባዮሳቸው የተቀየረ ብዙ ናቸው። ምልክቱ ድራይቨር ሲጫን ዊንዶውስ «ኮድ 43» ብሎ ካርዱን ሲያቆመው ነው። የመጀመሪያው ባዮስ ተመልሶ ከተጻፈ ይድናል።

በዋጋው የሚያጓጓዎት ጂቲኤክስ 1070 ወይም 1080 ቲአይ ከሆነ አንድ ነገር በሂሳብ ያስገቡ። ኤንቪዲያ ለ10 ተከታታይ አዲስ ጌም የሚከተል ድራይቨር ማውጣቱን ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2025 በኋላ አቁሟል። ያሉት ጌሞች ይሠራሉ፤ ወደፊት የሚወጡት ላይ ግን ዋስትና የለም።

ጥያቄ፦ ራይዘን 5 3600 ላይ አርኤክስ 6700 ኤክስቲ ገጠምኩ። ከባድ ጌም በጀመርኩ በጥቂት ደቂቃ ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋና ራሱ ይነሳል። ፓወር ሰፕላዬ ግን 600 ዋት ነው።

መልስ፦ ሳጥኑ 600 ይበል፤ እርስዎ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ለምሳሌ በዚያ መስመር ሥር 28 አምፔር የሚል ከሆነ 12 በ28 ሲባዛ 336 ዋት ነው። የቀረው 264 ዋት ዛሬ ኮምፒውተር እምብዛም በማይጠቀምባቸው በ3.3 እና በ5 ቮልት ላይ የተደመረ ወይም እንዲያው ለማስታወቂያ የተጻፈ ነው። 6700 ኤክስቲ 230 ዋት፣ 3600 ሙሉ ሲሠራ 88 ዋት፤ ማዘርቦርድ፣ ፋንና ዲስክ 40 ቢጨመርበት 358 ይደርሳል። ይህ እንግዲህ የተረጋጋው ቁጥር ነው፤ ካርዱ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ከዚያ በላይ ዘሎ ይጠይቃል። በዚያች ቅጽበት የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ይቆርጣል፣ ኮምፒውተሩም ይጠፋል። ኤኤምዲ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 650 ዋት ነው።

ምርመራውን ገንዘብ ሳያወጡ ማረጋገጥ ይቻላል። በኤኤምዲ ሶፍትዌር የካርዱን ከፍተኛ ፍጥነት ዝቅ ያድርጉ፣ ፍሬሙንም 60 ላይ ይገድቡ። መጥፋቱ ከቆመ ጥፋተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ምስሉ ብቻ የሚቆም ወይም ድራይቨሩ የሚወድቅ ቢሆን ኖሮ ካርዱን ወይም ድራይቨሩን እንጠረጥር ነበር።

ሲገዙ «80 ፕላስ» የሚለውን ምልክት የጥራት ምስክር አድርገው አይቁጠሩት፤ ከግድግዳው የሳበውን ምን ያህሉን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ብቻ ነው የሚናገረው። ሙሉ ዋቱ ከሞላ ጎደል በ12 ቮልቱ መስመር የሚገኝ፣ ረጅም ዋስትና ያለው ይምረጡ። ካርዱ ሁለት ሶኬት ካለው ሁለት የተለያዩ ኬብሎች ይዘርጉለት እንጂ አንዱን ባለ ሁለት ራስ ኬብል አይጠቀሙ። ኬብሉ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የአሮጌውን ኬብል አዲሱ ላይ አይሰኩ። በካርዱ በኩል ሶኬቱ አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ግን የሽቦው ቅደም ተከተል ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ አምራቹ አንድ ቢሆንም። 12 ቮልት 5 ቮልት በሚጠብቅ ዲስክ ውስጥ ሲገባ ዲስኩ ከነፋይሉ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ አዲስ ካርድ አስገባሁ፣ ፍሬሙ ግን እንደ ድሮው ነው። ሞኒተሬም ባለ 144 ኸርዝ ነው፣ ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ ኬብሉን ከኋላ ይዩት። ከላይ፣ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ከተሰካ ምስሉን የሚያወጣው የማዘርቦርዱ ሶኬት ነው፤ ወደ ታች፣ ካርዱ ላይ ያዛውሩት። ከዚያ የዊንዶውስ የማሳያ ቅንብር ውስጥ የሞኒተሩን ፍጥነት ከ60 ወደ 144 ይቀይሩ፤ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በራሱ አይቀይረውም። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተለወጠ የአሮጌውን ካርድ ድራይቨር በሴፍ ሞድ በዲዲዩ (ድራይቨር በሚያጸዳው ፕሮግራም) አጥፍተው አዲሱን ይጫኑ።

ጥያቄ፦ ኤስኤስዲ ፍሬም ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። ጌሙ የሚከፈትበትን ጊዜ ያሳጥራል፣ ሰፊ ካርታ ባላቸው ጌሞች ላይ ከሃርድ ዲስክ የሚመጣውን ድንገተኛ መቆም ያስወግዳል። ለጌም ብቻ ከሆነ በሰከንድ 550 ሜጋባይት በሚያነበው ሳታ እና 3500 በሚደርሰው ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንድ የሚቆጠር ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን የማዘርቦርዱን መመሪያ ያንብቡ። ኤም.2 ማስገቢያው (የጠፍጣፋው ኤስኤስዲ ቦታ) ሳታ ብቻ፣ ኤንቪኤምኢ ብቻ ወይም ሁለቱንም የሚቀበል ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይም እሱ ሲያዝ ሁለት የሳታ ሶኬቶች ይጠፋሉ። «አዲሱን ኤስኤስዲ ስሰካ አሮጌው ዲስክ ሞተ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጠማቸው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ቢ450 ማዘርቦርዴ ላይ 2600ን አውጥቼ ራይዘን 5 5600 ላስገባ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ስሙን በደንብ አንብበው ይግዙ። 5600 ባለ 32 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሚሞሪ) ነው፤ 5500 እና 5600ጂ 16 ብቻ አላቸው፣ በጌም ከሱ ያንሳሉ። ልዩነታቸው ጥቂት ገንዘብ ከሆነ 5600ን ይውሰዱ።

ባዮሱን አሮጌው ፕሮሰሰር እዚያው እያለ ያድሱ። አዲሱን አስገብተው ከሆነ የሚያስታውሱት ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ መፍትሔው አሮጌውን መመለስ ነው፣ ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚጽፍ ቁልፍ ካለው ማዘርቦርድ በቀር። ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ለማዘርቦርዱ ትክክለኛ ሞዴልና እትም ያውርዱ፣ በፋት32 በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ያድርጉት፣ ከባዮሱ ውስጥ ይጻፉት። በሚጻፍበት ጊዜ መብራት እንዳይጠፋ አስተማማኝ ሰዓት ይምረጡ።

ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የበራ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ከመቀየርዎ በፊት ያጥፉት ወይም የማገገሚያ ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉ። የራይዘን የደኅንነት ቁልፍ ማከማቻ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲለወጥ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል፣ ቁልፉ ከሌለ ዲስኩ አይከፈትም።

ማቀዝቀዣውን ሲያነሱ ደግሞ ወደ ላይ አይንቀሉ። በኤኤም4 (የእርስዎ ማዘርቦርድ ሶኬት) ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ሥር ነው፤ የደረቀ ፔስት እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ፕሮሰሰሩ የተቆለፈ ማንሻ እያለም ከሶኬቱ ተነቅሎ አብሮ ይወጣል፣ ፒኑም ይጣመማል። ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ ጌም አጫውተው ያሙቁት፣ ያጥፉት፣ ከመብራት ይንቀሉት። ማቀዝቀዣውን ከፈቱ በኋላ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ መንሸራተት ሲጀምር ብቻ ያንሱት። ፒን ከተጣመመ ባዶ የሜካኒካል እርሳስ ጫፍ ፒኑን ውጦ በዝግታ ቀጥ ለማድረግ ይጠቅማል። አዲሱን ሲያስገቡ ወርቃማውን ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ያጋጥሙ፤ በራሱ ክብደት ገብቶ ካልተቀመጠ ይፈትሹት እንጂ አይጫኑት።